የሲስተር አንጓች ሰዓቶች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ሰው አዲስ ጋቢውን ለክፉ ቀን ብሎ ሲቆልፍበት፣ ወይም አንዲት እመቤት ከባሕር ማዶ የመጣላትን ብርጭቆ «የክብር እንግዳ ካልመጣ አላወጣውም» ብላ ስትሰስት፣ አጠገብ ያለ ሽማግሌ ራሱን ነቅነቅ ያደርግና አራት ቃል ጣል አድርጎ ያልፋል። ወጣቶቹ አባባሏ ከጥንት ከአባቶች የወረደች ይመስላቸዋል። አይደለችም። ገና የትናንት ልጅ ናት። የተወለደችውም አንድ የመልስ ድግስ ላይ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው እያየ፣ አንድ የብረት ካዝና ሲከፈት ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ከባለቤቷ ልጀምር።

አንጓች መኩሪያ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አዋላጅ ነርስ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላም ከተማው «ሲስተር» ማለቱን አልተወም። ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ምላሳቸው ግን ረዘም ያለ ነው ይባላል፤ እሳቸውም ይህን ሲሰሙ «ለሐሜት አላጠረም ለእውነት ምን ያሳጥረዋል?» ይላሉ። ልጅ አልወለዱም። ባላቸው መቶ አለቃ ታፈረ ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗል።

የሲስተር አንጓች ፍቅር የእጅ ሰዓት ነበር። ነገሩ የጀመረው ከሥራቸው ነው። አዋላጅ ያለ ሰዓት ምን ትሆናለች? የምጡን ርቀት፣ የሕፃኑን የልብ ምት፣ የእናቲቱን ትንፋሽ የምትቆጥረው በሰኮንድ ቆጣሪዋ ቀጭን ዘንግ ነው። በኋላ ግን ሰዓቱን ራሱን ወደዱት። ለሥልጠና አዲስ አበባ በተላኩ ቁጥር ጓደኞቻቸው መርካቶ ገብተው ጨርቅ ሲያማርጡ፣ እሳቸው መሬት ላይ ሸራ ዘርግተው አሮጌ ሰዓት ከሚሸጡት ሰዎች ዘንድ ቁጢጥ ብለው ይውላሉ። ጆሯቸው ላይ ያደርጉታል፣ ጀርባውን በጥፍራቸው ይመታሉ፣ «ይኼ ልቡ ደህና ነው፣ የታመመው መልኩ ብቻ ነው» ብለው ይገዛሉ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ፊቱ ከባቄላ ፍሬ የማይበልጥ የሴት ሰዓት፣ ቁጥሮቹ በጨለማ የሚያበሩ የአብራሪ ሰዓት፣ መስተዋቱ የተሰነጠቀ ግን ደቂቃ የማያዛንፍ፣ ብዙ ዓይነት ሰበሰቡ። አናጢ ሣጥን ሠራላቸው፤ ውስጧን በቀይ ከፈይ አለበሷት። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሣጥኗን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በባትሪ ከሚሠሩት ጥቂቶች በቀር እያንዳንዱን በተራ ይሞሉታል። የታመመ ካለ ገበያው በር ላይ ባለችው ጠባብ ቆርቆሮ ቤት ለሚሠሩት ለሰዓት ሠሪው ለአቶ ልየው ይወስዱታል።

ታዲያ የሲስተር ሰብሳቢነት እንደ ሌላው ሰብሳቢ አልነበረም። የሚሰበስቡት ሊሰጡት ነው። ለሚወዱት ሰው ሰዓት ሊሰጡ ሲያስቡ አንዱን ይመርጡና ሳምንት ሙሉ ከራሳቸው ክንድ ላይ አስረው ይከርማሉ። ከዚያ ፈትተው፣ ገና ሙቀቱ ሳይለቀው፣ በሰውየው ክንድ ላይ ራሳቸው ያስሩለታል።

«ለምንድን ነው እንዲህ የሚያደርጉት?» ያላቸው እንደሆነ፣

«ቀዝቃዛ ሰዓት መስጠት ቀዝቃዛ እንጀራ እንደ ማቅረብ ነው» ይላሉ።

የሚወዱትን ደግሞ የሚመርጡት እሳቸው ናቸው። ምጥ የያዛት ሴት ለማድረስ ጠርተውት አንድም ቀን «ፈረሴ ደክሟል» ብሎ ለማያውቀው ለጋሪ ነጂው ሰጡ። ጉልት ላይ ቆሎ እየሸጠች ሦስት ልጅ ላስተማረች ሴት ሰጡ። አንድ ዓመት የሠፈራቸው ልጆች የማትሪክ ውጤት ሲመጣ፣ ላለፉት ድግስ ሲደገስ፣ ሲስተር ሰዓት ይዘው የሄዱት ወደ ወደቀችው ልጅ ቤት ነበር። «ያለፉትማ የሚያጨበጭብላቸው ሞልቷል» አሉና አሰሩላት። ሰው ይስቃል። እሳቸው ግድ የላቸውም።

ግድ የነበረው ወንድማቸው አስማረ ነው።

እናታቸው ስትሞት አስማረ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። አጥበው፣ አልብሰው፣ ደብተር ገዝተው ያሳደጉት ሲስተር ናቸው። አሁን ገበያው አፋፍ ላይ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ማጠፊያና መቆለፊያ የሚሸጥበት ትልቅ ሱቅ አለው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እህቱን እንደ እናት ይወዳል። ነገር ግን «ሰው ምን ይለኛል» የሚሉት በሽታ ነበረበት። አንድ ደንበኛ ሚስማር እያስመዘነ «የእህትህን ሰዓት በጋሪ ነጂው ክንድ ላይ አየሁት ልበል?» ያለው ቀን ምሳ አልበላም።

«እትዬ» አላቸው ሄዶ፣ «ለባዳ መበተኑን ብትተዪው ምናለበት?»

«ባዳ ማን ነው?»

«ሥጋሽ ያልሆነ ነዋ!»

«ሥጋዬ አንተ ነህ። የዛሬ አምስት ዓመት ሰዓት ሰጥቼህ ነበር። የታለ?»

አስማረ ባዶ ክንዱን ወደ እጅጌው ሰብሰብ አደረገ። «መሳቢያ ውስጥ ነው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እንዳይፋቅብኝ ብዬ።»

«የጋሪ ነጂው ሰዓት ግን ብዙ ቦታ ተፍቋል» አሉ ሲስተር። «ይሠራል።»

ነገሩ በዚህ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ተረትም ምሳሌም ባልኖረ። በሐምሌ ዝናብ ግን ሲስተር አንጓች ከደጃፋቸው ድንጋይ ላይ አዳለጣቸውና የግራ ጭናቸው ተሰበረ። አስማረ መኪና ተከራይቶ ባሕር ዳር ወሰዳቸው፤ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ሁለት ወር ተኩል እዚያው ተኙ። እውነቱን ለመናገር እንደ ወንድም አስታመማቸው። በመስከረም መጨረሻ በሁለት ክራንች ተደግፈው ቤታቸው ሲገቡ መጀመሪያ ያዩት አልጋቸውን አልነበረም፤ ከአልጋው በላይ ያለውን መደርደሪያ ነው። ባዶ ነበር።

ቤቱን ስትጠብቅላቸው የከረመችው የጎረቤት ልጅ ትርንጎ ናት። ትርንጎ ራሷ አዋላጅነት ተምራ የተመረቀችና ምደባ የምትጠብቅ ወጣት ነበረች።

«ሣጥኗስ?» አሏት።

«ጋሽ አስማረ ወሰዷት፣ ሲስተር። ለጥንቃቄ ነው ብለው…» ጥፋተኛዋ እሷ ይመስል አቀረቀረች።

በማግስቱ አስማረ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቃቸው መጣ።

«እቤቴ ካዝና ውስጥ ነው ያለው» አለ፣ ሳይጠየቅ። «እውነተኛ የብረት ካዝና! አራት ሰው ነው ተሸክሞ ያስገባው። ሌባ አይሰብረው፣ እሳት አያቀልጠው። ቁልፉ ይኸው አንገቴ ላይ።»

«እግዜር ይስጥህ። አሁን ድኛለሁና አምጣልኝ።»

አስማረ ብርቱካኑን ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ መደርደር ጀመረ። «አላመጣም» አለ ሳያያቸው።

«ምን አልክ?»

«እትዬ፣ ልትሞቺ ነበርኮ! ብትሞቺ ኖሮ ያ ሁሉ ሀብት የማንም መጫወቻ ይሆን ነበር። አሁን ልጄ ማኅደር ልታገባ ነው። ሙሽራው የትልቅ ሰው ልጅ ነው። በመልሱ ቀን በሰው ፊት ካዝናውን ከፍተን ምርጡን ለሙሽራው እንሰጠዋለን፤ የቀረውን የወንድም የእህት ልጆች በደረጃ በደረጃ ይካፈሉታል። ያኔ ነው ስምሽ የሚጠራው።»

ሲስተር ወንድማቸውን ትክ ብለው አዩት። በዚያች ደቂቃ የተሰማቸው ንዴት ብቻ አልነበረም። ይህን ሰውዬ እግሩን ያጠቡት እሳቸው ናቸው፤ ቡጉንጅ ሲወጣበት ያፈረጡለት እሳቸው ናቸው። እንባ መጣባቸው፤ መልሰው ዋጡት።

«ስሜ ሲጠራ ኖሯል» አሉ። «የምጥ ቀን ‹ሲስተርን ጥሩ!› ይባላል። በድግስ ላይ እንዲጠራ አልፈልግም። ሣጥኔን አምጣ።»

አላመጣም። ሲስተርም በክራንች እየተንቀጠቀጡ ሄደው ሽማግሌ ጠሩ።

ሽማግሌዎቹ በአስማረ ሰገነት ላይ ተሰበሰቡ። ሰብሳቢው የቀድሞው ዳኛ አቶ ውባንተ ነበሩ፤ ሰዓት ሠሪው አቶ ልየውም የዕቃውን ነገር ያውቃሉ ተብለው ተጠርተዋል። ግራ ቀኙን ሰሙ። አስማረ ጥሩ ተናገረ፤ ስለ ቤተሰብ ክብር፣ ስለ ሌባ፣ ስለ ሞት። ሽማግሌዎቹም ወንድምና እህት ማጣላት አልፈለጉምና መካከለኛ የመሰላቸውን መንገድ መረጡ። አቶ ውባንተ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሲስተር፣ ውሳኔያችን እንዲህ ነው። ሰዓቶቹ እስከ መልሱ ቀን ድረስ ካዝናው ውስጥ ይቆያሉ። ያን ቀን ለሙሽራውና ለቤተ ዘመድ ይከፋፈላሉ። እርስዎም ለእጅዎ አንድ፣ የወደዱትን ይመርጣሉ። ወንድምዎ ደግሞ እስከ ዕለተ ሞትዎ ይጦርዎታል። እሺ ይበሉንና እንመርቅ።»

ሰው ሁሉ ወደ ሲስተር ዞረ። በክራንቻቸው ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ።

«እሺ አልልም።»

«ሲስተር፣ የሽማግሌ ቃል…»

«የሽማግሌ ቃል አከብራለሁ። ግን እሺ አልልም። አቶ ውባንተ፣ የእርስዎን ሁለት ልጆች የተቀበልኩ እኔ ነኝ። ስቀበላቸው ‹የማን ዘር ናችሁ? ከእኔ ጋር ምን ትዛመዳላችሁ?› ብዬ ጠይቄያለሁ? በዚህ እጄ ይህን ከተማ ግማሹን ተቀብያለሁ። ስቀበል ዘር አልቆጠርኩም፤ ስሰጥም አልቆጥርም።»

አንድ ሽማግሌ መሬት መሬት አየ። ሲስተር ግን አልጨረሱም፤ ወደ ወንድማቸው ዞሩ።

«ጉልበት የለኝምና ካዝናህን አልሰብርም። ግን የምለምንህ ነገር አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለእነሱ። ሰዓት ካልተሞላ ዘይቱ ይደርቃል። አቶ ልየው በሳምንት አንድ ቀን እየመጡ ይሙሏቸው፤ በርህን ቆመህ ጠብቅ።»

«እውነታቸውን ነው» አሉ አቶ ልየው። «ቢያንስ በወር አንድ ቀን ልያቸው፣ አስማረ።»

አስማረ ሳቀ። «ካዝናዬን ለሰዓት ሠሪ ልክፈት? አይ! ብረት እንዴት እንደሚጠበቅ ለእኔ አይነገረኝም። ሃያ ዓመት ብረት ነግጃለሁ። ደህና አድርጌ ነው ያስቀመጥኳቸው።»

በዚህ ተበተኑ። ሲስተር አንጓች ከዚያ ግቢ ሲወጡ የማንንም እጅ አልያዙም።

ያኔ ለሲስተር የቀረቻቸው ሰዓት አንዲት ብቻ ነበረች፤ ሲያዳልጣቸው ክንዳቸው ላይ የነበረችው፣ የባላቸው የመቶ አለቃ ታፈረ ሰዓት። ሰፊ ነጭ ፊት ያላት፣ የሰኮንድ ቆጣሪዋ ቀይ። መቶ አለቃ ከሞቱ ጀምሮ ከክንዳቸው ወርዳ አታውቅም። ሌሎቹን ሲያሞቁ እንኳ እሷ በግራ ሆና እነዚያ በቀኝ ይታሰሩ ነበር።

በኅዳር የትርንጎ ምደባ መጣ። ወደ ዓባይ ቆላ ወርዶ፣ መብራት ወዳልገባበት አንድ ትንሽ ጤና ጣቢያ ነበር የተመደበችው። ስትመረቅ ሲስተር «ሥራ ስትጀምሪ ከሣጥኔ አንዱ ያንቺ ነው» ብለው ቃል ገብተውላት ነበር። ስለዚህ ክራንቻቸውን ይዘው ወደ አስማረ ሱቅ ሄዱ። የገበያ ቀን ነው፤ ሱቁ ጢም ብሏል።

«አንድ ሰዓት ብቻ» አሉት። «ሰኮንድ የሚቆጥር። ልጅቷ ነገ ትሄዳለች።»

«ስልክ የላትም እንዴ?»

«በረሃ ውስጥ ስልክ በምን ይሞላል? ሕፃን ሲታፈን፣ እናት ደም ሲፈሳት፣ ሰኮንድ በግምት ይቆጠራል? አስማረ፣ አንድ ብቻ!»

ወንድማቸው በደንበኞቹ ፊት መሸነፍ አልሆነለትም። «ሽማግሌ ፈርዷል፤ እስከ መልሱ ቀን አይከፈትም» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ደግሞ ለጎረቤት ልጅ!»

ትርንጎ ከበሩ ላይ «ይተዉት፣ ሲስተር፣ ግድ የለም» ማለት ጀምራ ነበር። ሲስተር ግን አንዱን ክራንች ባንኮኒው ላይ አስደገፉ። በቀኝ እጃቸው የግራ እጃቸውን እጅጌ ሰበሰቡ። ከዚያ የቆዳ ማሰሪያውን ፈቱ።

አስማረ ደነገጠ። «እትዬ! የጋሼ ታፈረን?»

«ነይ» አሏት ትርንጎን። ልጅቷ እያለቀሰች ክንዷን ዘረጋች፤ ሰዓቷን አሰሩላት። ማሰሪያው ሰፋ፤ ሲስተር ከባንኮኒው ላይ አንዲት ሚስማር ሳይጠይቁ አነሡና አዲስ ቀዳዳ በሱለት፤ ልክ ሆነ።

«ጠዋት ጠዋት ሙያት፤ አጥብቀሽ አታስጨንቂያት» አሏት። ቀጥለው ወደ ወንድማቸው ዞሩ። በክንዳቸው ላይ ሰዓቷ ከነበረችበት ቦታ ፀሐይ ያላየው ቆዳ እንደ አምባር ዙሪያውን ነጥቶ ይታያል። ያንን ክንድ ወደ ፊቱ አስጠጉት።

«የቆለፍክብኝ ሣጥኔን ነው፣ አስማረ። ክንዴን አልቆለፍክም።»

ይህን ብለው ወጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲስተር አንጓች እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው ነበር በከተማው የሚዞሩት። ብርድ ሆነ አልሆነ፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ ለቅሶ ቤት፣ ያ ነጭ ምልክት ለሁሉ ይታይ። «ሲስተር፣ ይሸፍኑት እንጂ፣ ወንድምዎን ያሳፍራሉ» ያላቸው ሰው ነበረ። «ያሳፍረው!» አሉ። የካቲት ላይ ከጡረታቸው ቆጥበው አንድ አሮጌ ሰዓት ገዙ፤ አቶ ልየው አጸዱት፤ ሳምንት አሞቁት፤ ባሏን በሞት ላጣች አንዲት የፅዳት ሠራተኛ አሰሩላት። መጋቢት ላይ እንደገና አንድ። ሣጥን አላሠሩም። «ሣጥን ካለኝ ደግሞ ካዝና ያለው ሰው ይመጣብኛል» አሉ።

ፋሲካ አለፈ፣ ሠርጉ ደረሰ። ሲስተር ይቀራሉ ብሎ ያልጠበቀ አልነበረም። እሳቸው ግን በመልሱ ቀን ነጭ በነጭ ለብሰው፣ አሁን በአንድ ክራንች ብቻ፣ ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ፊት ለፊት ተቀመጡ። የአስማረ ሚስት ስታያቸው ግራ ገባት።

«መጡ እንዴ፣ ሲስተር?»

«የማኅደርን እትብት የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ማን ሊያስቀረኝ ኖሯል?» አሏትና ሙሽሪትን አገላብጠው ሳሙ። ማኅደር ያንን ነጭ ምልክት ያለበትን ክንድ ይዛ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችውም።

ምሳ ተበላ። ከሙሽራው ወገን አንድ ጥድፊያ የሚወድ አጎት መጥተው ነበር፤ ዓባይን በቀን መሻገር አለብን እያሉ በየአምስት ደቂቃው ይነሣሉ። አስማረ እንዳይሄዱበት ቸኮለ። ካዝናውን ለዚሁ ቀን ብሎ በአራት ጎረምሳ አስወጥቶ፣ ድንኳኑ ራስጌ ላይ አስቀምጦ፣ ቀይ ጨርቅ አልብሶታል። ተነሣና ንግግር አደረገ።

«የቤታችን ሀብት ነው» አለ፣ «እህቴ ዕድሜዋን ሙሉ የሰበሰበችው። እኔ ደግሞ ከብክነት ጠብቄ ለዛሬ አደረስኩት። ልጄ ኢዮስያስ፣ ና! ከሁሉ አስቀድመህ የወደድከውን ምረጥ።»

ሙሽራው ኢዮስያስ በካባው ላይ የወርቅ ዘርፍ እያብለጨለጨ መጣ። አስማረ ቁልፉን ከአንገቱ አወጣ። ጨርቁን ገፈፈ፣ ቁልፉን አዞረ፣ የከበደውን በር ጎተተ። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

መጀመሪያ የወጣው ሽታ ነው። እንደ ጋራዥ፣ እንደ ሻገተ ቆዳ ያለ ሽታ። አስማረ እጁን ከትቶ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣ፤ ጥቅሉን ፈታና ለሙሽራው አቀበለው። ኢዮስያስ ተቀበለ፤ ደንግጦ ጣቶቹን ከፈተ። መዳፉ ጥቁር ሆኗል። በመዳፉ ላይ ያለው ነገር በጥቁር ግራሶ የተለሰነ ድብልብል ነበር፤ ከአንዱ ጎኑ የሻገተ የቆዳ ማሰሪያ ተንጠልጥሏል።

«ግራሶ ነው፣ አይዞህ» አለ አስማረ በኩራት፣ «እንዳይዝግ ብዬ። መቆለፊያ ሁሉ የማስቀምጠው እንዲህ ነው። ጥረገው፣ ታየዋለህ።»

ሙሽራው በመሃረብ ጠረገው። ግራሶው በመስተዋቱ ሥር ሰርጎ ገብቶ፣ ፊቱን አጥቁሮ፣ ዘንጎቹን አጣብቋቸዋል። አስማረ ሁለተኛውን ፈታ፤ ሦስተኛውን ፈታ። በባትሪ የሚሠሩት ባትሪያቸው ፈንድቶ አረንጓዴ ዝገት ወጥቶባቸዋል። ፌስታሉ ውስጥ የታፈነው የክረምት እርጥበት መውጫ አጥቶ ሰዓቶቹን ሲበላ ከርሟል። ያቺ የባቄላ ፍሬ የምታክለው የሴት ሰዓት ማሰሪያዋ ስትነካ ተበጠሰ። የአስማረ እጅ እየፈጠነ አንዱን ጥሎ ሌላውን ይፈታል። አንዱ ሰዓት በሦስት ሰዓት ቆሟል፣ አንዱ በአሥር፣ አንዱ በእኩለ ቀን።

«ለመሆኑ ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉ ጥዱፉ አጎት ከኋላ፣ የሆነውን ያላዩት። አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው አፉን ያዘ።

ሲስተር አንጓች አልሳቁም። ተነሥተው በክራንቻቸው ቀስ ብለው ወደ ካዝናው መጡ። ያቺን ትንሽ ሰዓት አነሡና በነጩ ነጠላቸው ጠረጓት፤ ነጠላው ጠቆረ። ጆሯቸው ላይ አደረጉዋት። ለረጅም ጊዜ አዳመጡ። ምንም የለም። የልብ ምት እንደማይሰማበት ሆድ ነበር፤ ይህን ዝምታ ሲስተር ከሥራቸው ያውቁታል።

«ለማቆየት ብዬ ነው» አለ አስማረ። ድምፁ እንደ ልጅ ሆኖ ነበር። «እትዬ ሙች፣ ለማቆየት ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉት። «ልብህን አልጠላሁትም፣ አስማረ። የጠላሁት ቁልፍህን ነው።»

አቶ ውባንተ ከሽማግሌዎቹ መካከል ብድግ አሉ። «ሲስተር፣ እኛም ፈርደን ነበር። ተሳስተናል፤ ይቅር ይበሉን።»

«ይቅርታውን ተቀብያለሁ» አሉ ሲስተር። «ፍርዱን ግን ያኔም አልተቀበልኩትም።» ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ድንኳኑን በሙሉ አዩት። «እነዚህን ሰዓቶች አሁን ወደ ቤቴ እወስዳለሁ። የሚድን ካለ ይድናል። የዳነውንም ለወደድኩት እሰጣለሁ፤ ለጋሪ ነጂ ሆነ ለቆሎ ሻጭ፣ ለወደቀ ሆነ ላለፈ። የሚቃወም ካለ አሁን ይናገር!»

ሙሽራው ኢዮስያስ በግራሶ የጠቆረ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ጎንበስ አለና «እኔም ልሸከምልዎት» አለ። ካዝናውን ሳይሆን ሰዓቶቹን፣ በትልቅ ሰፌድ ላይ እየደረደረ።

የኋላውን ለማወቅ ለሚፈልግ፣ አቶ ልየውና ሲስተር አንጓች ያን ክረምት በሙሉ ሰዓቶቹን በቤንዚን ሲያጥቡ ከረሙ፤ ከሠላሳ ስድስቱ አሥራ አንዱ ነፍስ ዘሩ፤ አሥራ አንዱም እስከ መስቀል ድረስ ክንድ ክንድ አገኙ። ማን ማን እንዳገኘ ሲስተር ለማንም አልተናገሩም፤ የጠየቃቸውም አልነበረም።

በዚያ ቀን ግን፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ አስማረ ገና ተስፋ አልቆረጠም ነበር። ሲስተር ሲወጡ አቶ ልየውን እጅጌያቸውን ይዞ አስቀራቸው።

«አቶ ልየው፣ እስቲ አንድ ጊዜ ይዩልኝ። ያን ሁሉ ግራሶ ቀብቼ፣ በፌስታል ጠቅልዬ፣ በብረት ቆልፌ፣ እንዴት ዛገ?»

ሽማግሌው ሰዓት ሠሪ ማጉያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ዓይናቸው ላይ ሰኩ። ከመሬት ላይ የወደቀ አንድ ሰዓት አነሡ፣ ጀርባውን በትንሿ ቢላዋቸው ፈለቀቁና ውስጡን አዩት። ጥርሶቹ አንዱ ካንዱ ተጣብቀው ነበር። የሙሽራው ወገን ቆሞ ያያል፣ የሠርጉ ወጥ ቤቶች ቆመው ያያሉ፣ ጥዱፉ አጎት እንኳ መንገዳቸውን ረስተው ቆመዋል። አቶ ልየው ጀርባውን መልሰው ገጠሙት፤ ሰዓቱን በአስማረ መዳፍ ላይ አኖሩና መዳፉን በሁለት እጃቸው ገጥመው ዘጉለት።

«እንግዲህ ልጄ፣ ብረት ብቻ አይደለም፣ ፍቅርም እንደዚሁ ነው» አሉት፤ «ለክንድ የተሠራ፣ በካዝና ዛገ።»